ለልጅ ዋስ መሆን
ስለ ወጣት ጥፋተኞች የተሰጠ ትምህርት

ልጅ ሲያጠፋ በመንደር ሁለት ድምፅ ይሰማል። አንደኛው «ይታሰር፤ ወኅኒ ያስተምረው» ይላል። ሁለተኛው «ልጅ ነው፤ ተዉት» ይላል። ፊተኛው ድምፅ ከተበደለው ሰው ቁጣ፥ ሁለተኛው ከእናት ርኅራኄ የሚወጣ ነው፤ ሁለቱም ምክንያት አላቸው። ነገር ግን እስከ ፍጻሜው ለሚመለከት ሰው የሁለቱም መጨረሻ አንድ ነው። ወኅኒ የገባው ልጅ ከታላላቅ ጥፋተኞች ጋር ውሎ አድሮ የማያውቀውን ክፋት ተምሮ ሊወጣ ይችላል፤ እንዲያው የተተወውም ልጅ ጥፋቱን የሚያሳየውና እጁን ይዞ የሚመልሰው ስላላገኘ ከትንሹ ጥፋት ወደ ትልቁ ይሻገራል። ያኛው ከሰው ተለይቶ ይጠፋል፤ ይህኛው በሰው መካከል ሳለ ይጠፋል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነው ሦስተኛውን መንገድ ነው። ይኸውም ጥፋቱን ጥፋት ብሎ፥ የተበደለውን ክሶ፥ ልጁን ግን ለታመነ ሰው አስረክቦ ማሳደግ ነው። ይህ መንገድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችን ሕግ ተጽፎ ይገኛል፤ በቤተ ክርስቲያናችንም ትምህርት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ በሽምግልናችንም ፈለጉ አለ። ከሁሉ ይልቅ የጎደለው ለልጁ ዋስ ሆኖ የሚቆም ሰው ነው። ነገሩን ለማስረዳት በወሎ ምዕራብ ደጋ፥ በወግዲና በመካነ ሰላም አካባቢ ያለውን ኑሮ በምሳሌነት እናነሣለን፤ ከታላላቅ ከተሞች በራቀ አገር የዚህ ነገር ችግሩም መድኃኒቱም ጎልቶ ይታያልና።

1ኛ/ የአገራችን ሕግ ስለ ልጆች የሚለው

ብዙ ሰው የወንጀል ሕግ ማለት ማሰር ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን በ1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ በኋላም እርሱን ተክቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ የልጅን ነገር ከአዋቂ ነገር ለይተው ደንግገዋል። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም፤ እርሱን ማረም የቤተ ሰቡ፥ የትምህርት ቤቱና የአሳዳጊው ነገር ነው። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያለው ልጅ ለአዋቂ የተደነገገው ቅጣት አይፈጸምበትም፤ ከአዋቂ ጥፋተኞችም ጋር በአንድነት አይታሰርም። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኖ አሥራ ስምንት ያልሞላው በአዋቂው ሕግ የሚዳኝ ቢሆንም፥ ዳኛው ዕድሜውንና የአእምሮውን ብስለት መርምሮ ቅጣቱን ሊያቀልለት፥ ወይም ለልጆች ከተመደቡት እርምጃዎች አንዱን ሊወስንለት ይችላል፤ የሞት ቅጣት ግን ከቶ አይፈረድበትም።

ለልጆች የተመደቡት እርምጃዎችም እነዚህ ናቸው። ልጁ ታማሚ እንደ ሆነ ወደ ሕክምና ይላካል። የሚያርመው አጥቶ የተበላሸ እንደ ሆነ በተቆጣጣሪ ሥር እንዲማር ይደረጋል። ጥፋቱን ያስተውላል ተብሎ የታመነበት እንደ ሆነ በዳኛው አፍ ተገሥጾ ይለቀቃል። ወይም ከትምህርት በሚያርፍበት ሰዓትና በበዓል ቀን በትምህርት ቤቱ ወይም በቤቱ ተወስኖ ለዕድሜው የሚገባ ሥራ እንዲሠራ ይታዘዛል። ይህ ሁሉ የማይበቃ ሲሆን ወደ ጠባይ ማረሚያ ይገባል። በ1949ኙ ሕግ ከነዚህ ጋር ዱላም ተጽፎ ነበር፤ በኋለኛው ሕግ ግን ቀርቷል። በ1954 ዓ.ም. የወጣውም የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የልጅ ነገር በዝግ ችሎት፥ ልጁን በማያስፈራ አነጋገር እንዲሰማ፥ ቀጠሮም ሲኖር ልጁ ለወላጁ፥ ለዘመዱ ወይም ለታመነ ሰው እንዲሰጥ ያዛል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 በማረሚያ ያሉ ልጆች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ደንግጓል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው ዓለም አቀፉ የሕፃናት መብት ስምምነትም ልጅን ማሰር ሌላ መንገድ ሁሉ ሲታጣ ብቻ፥ ያውም ለአጭር ጊዜ እንዲሆን ያስገድዳል።

ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ነገር አንባቢ ልብ እንዲለው እንወዳለን። በተቆጣጣሪ ሥር እንዲማር የተወሰነለትን ልጅ ዳኛው ለወላጆቹ ወይም ለዘመዶቹ ይሰጣል፤ ዘመድ ከሌለው፥ ወይም ያለው ዘመድ የማይችል ከሆነ ለሌላ የታመነ ሰው፥ ወይም ልጆችን ለሚያሳድግ ድርጅት ይሰጣል። ልጁን የሚረከበውም ሰው በፍርድ ቤት ፊት ቀርቦ፥ ስለ ልጁ መልካም ጠባይ ኀላፊ መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጣል። ይህ በወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 159 የተመለከተ ነው። እንግዲህ ሕጉ ራሱ ዋስ ይፈልጋል ማለት ነው።

2ኛ/ ዳኛው የሚጠይቃቸው ሦስት ጥያቄዎች

አንድ ምሳሌ እናቅርብ። በወግዲ ደጋ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የሰው በግ የሚጠብቅ አንድ እረኛ ልጅ አለ እንበል። አባቱ ሞቶበታል፤ እናቱም ሌላ ባል አግብታ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዳለች። በገበያ ቀን ከሚጠብቃቸው በጎች አንዱን ነድቶ ሸጠ፤ ገንዘቡንም ከጓደኞቹ ጋር ጨረሰው። ባለ በጉ ከሰሰ፤ ልጁም ተያዘ፤ ሲጠይቁትም አልካደም። ይህ ልጅ በዳኛ ፊት ሲቀርብ ዳኛው ሦስት ነገር ማወቅ ይፈልጋል፦ ዕድሜው ስንት ነው? የት ልላከው? ለማን ላስረክበው?

ፊተኛው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የልጁ ዕድል የሚቈረጠው በዚህ ነው። በአገራችን የልደት ምዝገባ በመላው አገር በመደበኛነት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት የተወለደው የገጠር ልጅ አብዛኛው የልደት ወረቀት የለውም። እናት ግን ታውቃለች። «ዕድሜው ስንት ነው?» ቢሏት ቍጥሩን ላትናገር ትችላለች፤ «በዘመነ ሉቃስ፥ ለጥምቀት ማግስት ወለድሁት» ትላለች። ይህን ቃል የሰማ የመዝገብ ሹም ምንም እንዳልተነገረው ይቈጥረዋል፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው ግን ዘመኑን ያወጣዋል። ዘመነ ሉቃስ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ይመጣልና ልጁ የተወለደው ወይ በ1999 ወይ በ2003 ዓ.ም. ነው። በ1999 ከሆነ በግንቦት 2017 ዓ.ም. አሥራ ስምንት ዓመት አልፎታል፤ እንደ አዋቂ ይዳኛል። በ2003 ከሆነ ግን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው፤ ወኅኒ ከአዋቂ ጋር ሊገባ አይገባውም። ሐኪም አጥንት መርምሮ የሚሰጠው ቃል ግምት ነው፤ በአርባ ቀኑ ያጠመቀው ካህንና ክርስትና ያነሣው አባት ግን ከሁለቱ ዘመናት የትኛው እንደ ሆነ ያውቃሉ። አንድ ካህን ወረዳ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ «እኔ ያጠመቅሁት በዚህ ዓመት ነው» ብሎ ባለ መመስከሩ ልጅ እንደ አዋቂ ሊፈረድበት ይችላል። ይህን ያህል ይከብዳል።

ሁለተኛው ጥያቄ የት ልላከው የሚለው ነው። ሕጉ ጠባይ ማረሚያ ይላል፤ ነገር ግን ለጥፋተኛ ልጆች ተብሎ የተሠራ ማረሚያ ለረጅም ዘመን በአዲስ አበባ፥ በልደታ አካባቢ ካለው በቀር በአገሪቱ አልነበረም። ከወግዲ ደጋ ተነሥቶ ወደዚያ መላክ ልጁን ከሚያውቀው ሁሉ መለየት ነው፤ እናቱም ልትጠይቀው አትችልም። አለመላክ ደግሞ ብዙ ጊዜ በአካባቢው ባለው ጣቢያ ወይም ወኅኒ ማቈየት ይሆናል። ለልጆች የተለየ ክፍል ያላዘጋጀ ወኅኒ ሕጉን በቅን ልብ ለመፈጸም ቢፈልግ እንኳ አይችልም። በአዲስ አበባ በ1980ዎቹ መጨረሻ ዓመታት በፖሊስ ጣቢያዎች የሕፃናት ጥበቃ ክፍሎች መቋቋም መጀመራቸው፥ ቀላል ጥፋት የሠሩ ልጆችም ቤታቸው ሆነው በየሰፈራቸው እንዲታረሙ መሞከሩ መልካም ጅማሬ ነበር። ነገር ግን በከተማ የተጀመረው ሁሉ ቶሎ ደጋውን አይደርስም።

ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ይወድቃል፤ ለማን ላስረክበው? ዳኛው ወደ ችሎቱ ሲመለከት ከሳሹን፥ ፖሊሱንና ልጁን ብቻ ያያል። የሚረከበው ሰው ካልቀረበ፥ ያ በሕግ የተጻፈው መልካም እርምጃ ሁሉ በወረቀት ላይ ይቀራል። ልጁ የሚታሰረው ዳኛው ጨካኝ ስለ ሆነ አይደለም፤ «እኔ እረከበዋለሁ» የሚል ስለ ጠፋ ነው።

3ኛ/ ቤተ ክርስቲያን ስለ አደራ የምታስተምረው

በጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ይህንኑ የሚመስል ታሪክ ተጽፏል። የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ ጽፎታል፤ አውሳብዮስም በቤተ ክርስቲያን ታሪኩ መዝግቦታል። ወንጌላዊው ዮሐንስ ከፍጥሞ ደሴት ወደ ኤፌሶን ከተመለሰ በኋላ በአንዲት ከተማ አንድ ወጣት አየና፥ በማኅበሩ ፊት ለከተማይቱ ኤጲስ ቆጶስ አደራ ብሎ ሰጠው። ኤጲስ ቆጶሱም ወጣቱን በቤቱ አሳደገው፤ አስተማረው፤ አጠመቀው። ከተጠመቀ በኋላ ግን ጥምቀቱ ይጠብቀዋል ብሎ ዐይኑን ከእርሱ አነሣ። ወጣቱም ሥራ ፈቶችን ወዳጅ አደረገ፤ ከእነርሱ ጋር በሌሊት መዝረፍ ጀመረ፤ በመጨረሻም የወንበዴዎች አለቃ ሆኖ ተራራ ወጣ።

ዮሐንስ ወደዚያች ከተማ ዳግመኛ በመጣ ጊዜ ኤጲስ ቆጶሱን አደራዬን መልስልኝ አለው። ኤጲስ ቆጶሱ የገንዘብ አደራ መስሎት ደነገጠ፤ ስለ ወጣቱ መሆኑን ባወቀ ጊዜ ግን አልቅሶ ልጁ ሞቷል ብሎ መለሰ። አሟሟቱን ቢጠይቀው፥ ለእግዚአብሔር እንደ ሞተና ወንበዴ እንደ ሆነ ነገረው። ሐዋርያው ልብሱን ቀደደ፤ ያን ጊዜ ሽማግሌ ነበር፤ ፈረስ አምጡልኝ ብሎ ወደ ተራራው ወጣ። ጠባቂዎቹም ሲይዙት አልሸሸም፤ ወደ አለቃችሁ ውሰዱኝ አላቸው። አለቃው ዮሐንስን ባወቀው ጊዜ አፍሮ ሸሸ፤ ሽማግሌው ግን ዕድሜውን ረስቶ በኋላው እየሮጠ፥ ስለ አንተ ለክርስቶስ እኔ እመልሳለሁ፥ ቢያስፈልግም ስለ አንተ እሞታለሁ እያለ ጠራው። ወጣቱም ቆመ፤ መሣሪያውን ጣለ፤ ያቺን የበደለች ቀኝ እጁን ሸሽጎ አለቀሰ። ሐዋርያው ግን ያቺኑ እጅ ስሞ ወደ ማኅበሩ መለሰው፤ በጾምና በጸሎትም አብሮት ደከመ።

በዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፥ ኤጲስ ቆጶሱ ያጠፋው በክፋት አይደለም፤ ሥራው ሳያልቅ ያለቀ መስሎት ዐይኑን በማንሣቱ ነው። ሁለተኛው፥ ልጁ በጠፋ ጊዜ ሙት ብሎ ቈጠረው፤ ዮሐንስ ግን የጠፋ አደራ አለው። ሙት ተብሎ የተቈጠረ ይቀበራል፤ አደራ የተባለ ግን ይፈለጋል። ዛሬም በመንደራችን «እርሱስ አልቆለታል» የተባለ ልጅ ስንት ነው?

ሐዋርያው ጳውሎስም ራሱ በእስር ሳለ ስለ አናሲሞስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት፥ አናሲሞስ የበደለው ወይም ያለበት ዕዳ ቢኖር በራሱ እንዲቈጠርበትና እርሱ እንደሚከፍል በገዛ እጁ ጽፎ አረጋግጧል። ሕጉ በአንቀጽ 159 ከሚረከበው ሰው የሚጠይቀው የጽሑፍ ማረጋገጫም በመንፈሱ ከዚህ የራቀ አይደለም። ጳውሎስ በደሉን አልካደም፤ ለተበደለው ዕዳ መኖሩንም አልሸሸገም፤ ነገር ግን በበዳዩና በተበዳዩ መካከል ራሱን አቆመ።

ይህን ዋስትና ቤተ ክርስቲያን ለእያንዳንዱ ልጅ አስቀድማ ሰጥታዋለች። ወንዱ በአርባ፥ ሴቷ በሰማንያ ቀን ስትጠመቅ የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት በሕፃኑ ፈንታ ሰይጣንን ክዶ፥ እምነቱን መስክሮ ሕፃኑን ይቀበላል። ይህ የአንድ ቀን የደስታ ሥርዓት ብቻ አይደለም፤ ልጁ በቀና ጊዜ የሚመሰገኑበት፥ በወደቀም ጊዜ የሚጠየቁበት ቃል ነው። እንግዲህ ያ እረኛ ልጅ አባቱ ቢሞት፥ እናቱ ብትርቅ፥ ዋስ የለውም ልንል አንችልም። ዋሱ በአርባ ቀኑ ታውቋል፤ የቀረው ተጠርቶ እንዲመጣ ነው።

ለትዕግሥትም ምሳሌ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በወሎ ቦረና በጋስጫ ገዳሙ ያለው ታላቁ ሊቅ አባ ጊዮርጊስ፥ ገድሉ እንደሚተርከው፥ በልጅነቱ በሐይቅ እስጢፋኖስ ለዓመታት ትምህርት አልገባው ብሎ ነበር። መምህሩ ተስፋ ቈርጠው ወደ አባቱ ቢመልሱት፥ አባቱ ለእግዚአብሔር የሰጠሁት ነው ብሎ መልሶ ላከው። ልጁም ለመነኮሳት እህል እየፈጨ ሲያገለግል ቈይቶ፥ በኋላ ጸጋው ተገለጠለት፤ መጽሐፈ ምሥጢርን የሚያህል መጽሐፍ ጻፈ። እርሱ በደል የሠራ ልጅ አልነበረም፤ ነገር ግን ሰው ተስፋ የቈረጠበት ልጅ ነበር። ያን ጊዜ የሚይዘው ቤትና የሚሠራው ሥራ ባያገኝ ኖሮ ቤተ ክርስቲያን ምን ባጣች!

4ኛ/ የሽምግልናችን ብርታትና ጉድለት

በወሎ ደጋ ጠብ በተነሣ ጊዜ ሽማግሌ ተቀምጦ ነገሩን ማብረድ የቈየ ልማድ ነው፤ ቄሱና ሼሁ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሁለቱንም ወገን ማስታረቃቸው የአገሩ ክብር ነው። ደም በፈሰሰበትም ጊዜ ደም አድራቂ ሽማግሌዎች ካልገቡበት በቀር ነገሩ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ወንጀሉ ከባድ ሲሆን እርቁ የፍርድ ቤቱን ሥራ አይተካም፤ በፍርድ ቤትም በኩል ቢሆን ግን ቂሙን ከልብ የሚያወጣው እርቁ ነው።

ይሁን እንጂ በልጅ ጥፋት ረገድ ሽምግልናችን አንድ ጉድለት አለው። ሽማግሌዎች የሚያስታርቁት አባቶችን ነው። የበጉ ዋጋ በአባት ወይም በአጎት ይከፈላል፤ ይቅር ለእግዚአብሔር ይባባላሉ፤ ተበልቶ ተጠጥቶ ይለያያሉ። ልጁ ግን ከአጥር ውጭ ቆሞ ነበር። የበደለውን ሰው ፊት አላየም፤ አፉን ከፍቶ አጠፋሁ አላለም፤ በእጁም ምንም አልካሰም። ዋሶች የተጠሩትም ቤተ ሰቦቹ ዳግመኛ እንዳይጣሉ እንጂ ልጁ ነገ የት ይውላል፥ ከማንስ ይማራል ለሚለው አይደለም። ስለዚህ በሽምግልናው ሰላም ይወርዳል፤ ልጁ ግን በነበረበት ይቀራል። ልጁን ወደ ውስጥ ማስገባት፥ ማናገር፥ ስለ እርሱም የተለየ ዋስ መጥራት ቢጨመርበት ግን ሽምግልናችን ፍጹም መድኃኒት በሆነ ነበር።

ይህን ያደረጉ ሌሎች አገሮች አሉ። ኒው ዚላንድ በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ያጠፋ ልጅ ከቤተ ሰቡ፥ ከፖሊስና ፈቃደኛ ከሆነ ከተበደለው ሰው ጋር በአንድነት ተቀምጦ ስለ ካሣውና ስለ ወደ ፊት ኑሮው እንዲመክር አድርጋለች፤ ይህም ማኦሪ የተባሉት የአገሩ ጥንታውያን ሕዝብ ነገራቸውን በቤተ ሰብ ሸንጎ ከሚጨርሱበት ልማድ ጋር የተዛመደ ነው። እንዲሁም በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ጆን ኦገስተስ የሚባል ጫማ ሰፊ ነበር። በ1841 እ.ኤ.አ. በፍርድ ቤት ተገኝቶ አንድ ሰካራም ወደ እስር ቤት ሊወሰድ ሲል አየና ለዳኛው ዋስ ሆኖ ተረከበው፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሰውየው ታርሞ በዳኛው ፊት ቀረበ። በ1843 በስርቆት የተከሰሱ ሁለት ልጃገረዶችንና አንድ የ11 ዓመት ወንድ ልጅ በዋስትና ወሰደ። እስኪሞት ድረስ ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን እንዲሁ ተረከበ፤ ትምህርት ቤት አስገባቸው፤ ሥራ ፈለገላቸው፤ ጠባያቸውንም ለዳኛው ነገረ። በብዙ አገር ዛሬ ጥፋተኛን ሳያስሩ በተቆጣጣሪ ሥር የማረም ሥርዓት ሲነገር የዚህ ጫማ ሰፊ ስም ይነሣል። ዳኛም ባለ ሥልጣንም አልነበረም፤ ችሎት ገብቶ «እኔ እረከበዋለሁ» ያለ ምእመን ነበር እንጂ።

5ኛ/ በየአጥቢያው ልናደርገው የሚገባ

እንግዲህ ከካህናትና ከምእመናን ምን ይጠበቃል? አምስት ነገር እናመለክታለን።

አንደኛ፥ ካህኑ ያጠመቃቸውን ሕፃናት ስም፥ የተወለዱበትን ቀንና ዓመተ ምሕረት፥ የክርስትና አባትና እናታቸውንም ስም በመዝገብ ይጻፍ። ወላጆችም የልደት ምዝገባውን እንዲፈጽሙ ያስጠንቅቅ። መዝገብ በሌለበት ዘመን ስለ ተወለደውም ልጅ በተጠየቀ ጊዜ ሄዶ ይመስክር። ስለ ዝምድና ብሎ ዕድሜ መቀነስ ግን የሐሰት ምስክርነት ነው፤ አንድ ጊዜ በሐሰት የመሰከረ ካህን ነገ በእውነት ሲመሰክር የሚሰማው አያገኝም።

ሁለተኛ፥ ልጅ በተያዘ ጊዜ የክርስትና አባቱና የንስሐ አባቱ ሳይውሉ ሳያድሩ ይድረሱ። ቀጠሮው እስኪደርስ ልጁ ለታመነ ሰው እንዲሰጥ ሕጉ ይፈቅዳልና፥ ያ የታመነ ሰው ሆነው ይቅረቡ። ፊተኛው ሌሊት ለልጅ ከሁሉ የከፋ ነው፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው በጊዜው የተደረሰለት ልጅ በብዙ ድካም ከሚመለሰው ይሻላል።

ሦስተኛ፥ ካሣው በልጁም እጅ ይሁን። በምሳሌያችን ያለው እረኛ የበጉን ዋጋ ለመክፈል አይችልም፤ ሰንበቴው ወይም እድሩ ሊያበድርለት ይችላል። ነገር ግን ልጁ ባለ በጉን በሽማግሌ ፊት ይቅርታ ይጠይቅ፤ ዕድሜውና ትምህርቱ በሚፈቅድለት መጠንም በእረፍቱ ቀን ሠርቶ ከዕዳው ይክፈል። ባለ በጉም ልጁን በባርነት እንዳይገዛው ሥራውና ቀኑ በግልጽ ይወሰን። ተበዳዩ ሳይካስ ልጁን ብቻ ማራራት ፍርድን ማጉደል ነው፤ ልጁም የሰው ገንዘብ ዋጋ የሌለው ነገር ይመስለዋል።

አራተኛ፥ ልጁ ትምህርት ቤት ወይም የእጅ ሥራ ይግባ። የአብነት ትምህርት ቤት የወደደውን ይቀበላል፤ ነገር ግን ቅጣት ተደርጎ በግድ አይሰጥ፤ የአብነት ትምህርት ቤት ወኅኒ አይደለምና። አንጥረኛ፥ ሸማኔ፥ ግንበኛ፥ አናጢ በየአጥቢያው አለ፤ ከሚያስተምረው ሰው ጋር የሚውል ልጅ ከሥራ ፈት ጋር አይውልም። ዋሱም በየሳምንቱ ይጠይቀው፤ ደግሞም በሦስት ወር ወይም በስድስት ወር አልደክም። ዐይኑን ቀድሞ ያነሣውን የዚያን ኤጲስ ቆጶስ ነገር ያስብ።

አምስተኛ፥ ጥፋቱ ከብዶ የታሰረው ልጅ አይረሳ። ሰንበቴውና ማኅበሩ ተራ አውጥተው ይጠይቁት፤ ከአዋቂዎች ጋር ተቀላቅሎ ቢያገኙት ለአለቃው በትሕትና፥ ካልሆነም ለፍርድ ቤት ያመልክቱ። የሚወጣበትንም ቀን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ይኑር፤ በዚያ ቀን ከበር የሚቀበለው የክርስትና አባቱ ይሁን፤ ካልሆነ የሚቀበለው የወኅኒ ጓደኛው ነውና።

6ኛ/ ለሚነሣው ጥያቄ መልስ

«ሌባ ተይዞ ዱላ ይጠየቃል?» የሚል ይኖራል። «ቅጣት ካልፈሩ ልጆቻችን ሁሉ ይበላሻሉ» የሚልም አለ። ይህን ቃል በንቀት ልናልፈው አይገባንም፤ በጉ የተሰረቀበት ገበሬ ዓመት የደከመበት ሀብቱ ነውና። ነገር ግን ያቀረብነው መንገድ ከቅጣት ማምለጫ አይደለም። የበደሉትን ሰው ፊት ለፊት ማየት፥ በሕዝብ ፊት አጠፋሁ ማለት፥ በየሳምንቱ እየሠሩ ዕዳ መክፈል፥ ዋስ የሆነውን ሽማግሌ እንዳያሳፍሩ መጠንቀቅ፥ ይህ ሁሉ ለልጅ በወኅኒ ጥግ ተቀምጦ ቀን ከመቍጠር ይልቅ የከበደ ነው። ወኅኒ ከልጁ የሚፈልገው እንዲቀመጥ ብቻ ነው፤ ይህ ግን እንዲለወጥ ይፈልጋል።

«ነፍስ ያጠፋውንስ?» የሚል ቢኖር፥ የደም ነገር በዋስ ብቻ አያልቅም፤ ፍርድ ቤት እንደ ሕጉ ይወስናል። አንዳንድ ጊዜም ልጁን ከበቀል ለመጠበቅ ማቈየት ያስፈልግ ይሆናል። ያም ቢሆን ልጅ በልጅ ቦታ፥ ከአዋቂ ተለይቶ፥ እየተማረ መቈየት ይገባዋል፤ በውጭም እርቁ ቀድሞ እየተሠራ ካልቈየ ቅጣቱን ፈጽሞ ሲወጣ ወደ ሞቱ ይወጣል።

«ዋስ ሆኜ ልጁ ቢያሳፍረኝስ?» የሚለው ግን ከሁሉ ይልቅ በልብ ያለው ጥያቄ ነው። በእውነት ሊያሳፍር ይችላል፤ እንዲያ አይሆንም ብሎ የሚሰብክ አታላይ ነው። በሕግም ሆነ በሃይማኖት ዋስ የሚባለው ግን የሚጠፋበት ነገር ያለው ሰው ነው፤ ምንም የማያጣ ሰው ዋስ አይባልም። ስለ እኛ የቆመው መድኃኒታችንም የቆመው ለታማኞች አልነበረም።

እንግዲህ ክቡራን አባቶች፥ ምእመናንም ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ዛሬ በየአጥቢያችን የክርስትና ልጆቻችንን ስም አንድ በአንድ እናስብ። ከመካከላቸው ትምህርት ያቋረጠ፥ ከቤት የወጣ፥ ስሙ በክፉ የተነሣ አለን? በፖሊስ እጅ እስኪወድቅ አንጠብቅ፤ ወድቆም ከሆነ በቀጠሮው ቀን ማልደን እንነሣ። ዳኛው «ይህን ልጅ የሚረከብ ማን ነው?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ ችሎቱ ዝም እንዳይል። አደራውን የሰጠ ጌታ አደራውን ይጠይቃልና፥ ልጆቻችንን ጠብቀን እንድናስረክብ እርሱ ይርዳን። ለስሙ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ አሜን።